ድንኳን ሥር የዋለው ጎመን

የልጅ ልጆቼ «እማዬ፣ ፒያሳ ላይ ገበሬ ነበርሽ አሉ፤ እስቲ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ታላቂቱ ናት የምትጽፈው። ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ቻሉት።

እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ብዙ ሆነን በምንኖርበት ግቢ፣ አጥሩ ሥር አሮጌ ጆንያ የሚጣልባት ጠባብ መሬት ነበረች። ወረዳው «ጓሮውን ላለማ መንግሥት ይደጉማል» ሲል እኔም ተመዘገብኩ። ዘርና የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ተሰጠኝ። ሁለተኛው ዙር ግን ባለሙያ መጥቶ ልማቱን ሲያይ ነው ተባለ። ውሃችን በፈረቃ ነበርና በዚያ ገንዘብ ትልቅ በርሜል ልገዛ አስቤያለሁ፤ ያለ በርሜል አትክልቱ በጋውን አይዘልቅም። ጎመኔ ደግሞ እንዴት ያለ ጎመን መሰላችሁ! ቅጠሉ ሰፌድ ያክላል። ጎረቤት ሲለምነኝ እንኳ «ቆይ፣ መጀመሪያ ባለሙያው ይየው» እያልኩ አንዲት ቅጠል አላስነካም።

ባለሙያው ይመጣል በተባለበት ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ለጎረቤቴ ለባለሱቁ መርዶ መጣ። እናቱ ጉራጌ አገር ዕድሜ ጠግበው አርፈዋል። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ደረሱ፤ ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም።

«እማማ፣ ካስማው ጎመኑ ላይ ሊያርፍ ነው፤ ምን ይሻላል?»

«ትከሉ እንጂ! ሰው እያለቀሰ እኔ ጎመን ልጠብቅ?»

«ዛሬስ ጎመንዎም ዕድርተኛ ሆነ» አለኝ አንዱ ቀልደኛ፣ ሐዘንተኛው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወቅቱ ጾም ነው፣ ለቀስተኛውም ብዙ። ከሚረገጥ ይበላ ብዬ ሁሉንም ቀነጠስኩት። ሴቶቹ ከትፈው በትልቅ ድስት ጣዱት። የአትክልቱ መደብ ላይ ራቁቱን የቆመ ግንድ ብቻ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ከች አለ። ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዴት ስለ ጎመን ይጠይቅ? «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ተቀመጠ፤ ምግብ ቀረበለት። እኔም ሐዘንተኛው ፊት ምን ልበል? ሲጎርስ አየዋለሁ። ሲጨመርለትም እምቢ አላለም፣ አልዋሻችሁም።

ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘሁትና ግንዱን በእጄ አሳየሁት።

«ልጄ፣ ልማቱ ይሄ ነበር።»

«አሁን የበላሁት ነው?»

«አዎ።»

«ይጣፍጣል፣ እማማ» ብሎኝ ሄደ። በቃ፣ በርሜሉ ቀረ አልኩ። ለባለሱቁ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ የእናቱ ሐዘን ይበቃዋል።

ሰንበት ብሎ ወረዳ ተጠራሁ። ገንዘቡ ተፈቅዶልኛል! ሰውየው አዝኖልኝ ነው ብዬ እሱን ስመርቅ ኖርኩ። በርሜሉም ተገዛ፤ ግንዱም መልሶ አቆጠቆጠ፤ ከዚያ ወዲያ ያሻው ጎረቤት ሁሉ እየቀነጠሰ ይወስድ ነበር። ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አፍንጮ በር ታክሲ ስጠብቅ ያንኑ ባለሙያ አገኘሁት። «ያኔ አዝነህልኝ እኮ ነው» ብዬ ልስመው ስል ሳቀብኝ።

«ምን አዝኜ፣ እማማ! በዚያ ዙር ገንዘቡ የተከለከለው ጎመኑን ሳይነካ አቁሞ እኛን የጠበቀ ሰው ነው። ‹ለእኛ ማሳያ እንጂ ለቤቱ አልተከለም› እየተባለ።»