የውሰት ጠገራዎች

እናቴ ስትሞት አረብ አገር ነበርኩ። ሞባይል እኛ ሰፈር ሳይገባ ነው፤ መርዶው በደብዳቤ ደረሰኝ። መካነ ሰላም ከሚኒባስ ስወርድ ከሞተች ወር አልፏት ነበር። ያላለቀስኩትን በሥራ ልክሰው ፈልጌ ይመስለኛል፣ ለአርባዋ ጥቂት ቀን ሲቀር ቤቱን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከሳጥኗ ሥር፣ በአሮጌ መቀነት ተጠቅልለው፣ ሰባቱን ጠገራ ብሮች አገኘኋቸው።

ከአያቷ የወረሰቻቸው ናቸው። ለያንዳንዳቸው ጆሮ ተበጅቶላቸው በጥቁር ክር ተሰክተዋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ወንድ ልጁን የሚድር ድሃ ሁሉ ከእናቴ ይዋሳቸው ነበርና። በጥሎሹ ቀን ሽማግሌዎች ፊት ይቆጠራሉ፣ ሙሽራይቱ አንገቷ ላይ አድርጋቸው ባሏ ቤት ትገባለች፣ ከመልሱ በኋላ ወደ እናቴ ሳጥን ይመለሳሉ። የሙሽራይቱ ወገን የውሰት መሆናቸውን ያውቃል። ሽማግሌዎቹም አምና ለሌላ ሙሽራ የቆጠሯቸውን ብሮች ዘንድሮ እንደ አዲስ ቆጥረው «ደግ ነው፣ ይበቃል» ይላሉ። ይህ ነገር ድሮም ያናድደኝ ነበር። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ወለል ስወለውል ከርሜ ስመጣማ ጭራሽ ሞኝነት መሰለኝ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ብር ለማን ይጠቅማል? የሚያዋጣኝ ከሆነ ልሽጠው ብዬ በገበያ ቀን ይዤው ወጣሁ።

ብር የሚሠሩት ሽማግሌ አንጥረኛ ከሱቃቸው አልነበሩም፤ ጎልማሳ ልጃቸው ተቀበለኝ። ክሩን ፈትቶ ብሮቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ጣላቸው። ሦስቱ ጮኹ። አራቱ እንደ ወደቀ ቆርኪ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጡ።

«እነዚህ ላያቸው ብቻ ነው ብር» አለኝ። «ለሦስቱ ግን ጥሩ ዋጋ እሰጥሻለሁ።»

ዋጋውን መስማት አልፈለግኩም። ደሜ ፈልቷል። መጨረሻ የተዋሱት ጎረቤታችን እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ባለፈው በጋ ትንሹን ልጃቸውን ሲድሩ ነው። እናቴ አልጋ ስትይዝ ያስታመሟት፣ ዓይኗንም የከደኑት እኒሁ ሴት ናቸው። ይህንን እያወቅኩ፣ የታመመች ሴት ሳጥን ከእሳቸው ሌላ ማን ሊከፍተው ኖሯል አልኩ ለራሴ።

በአርባዋ ቀን ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ሳለ፣ እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲያግዙ፣ ብሮቹን መሐል ላይ ዘረገፍኳቸው።

«እትዬ፣ አራቱ ቆርቆሮ ናቸው። እውነተኞቹን የት አደረሷቸው?»

ብሮቹን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። «ወላሂ እኔ አልለወጥኳቸውም» አሉ።

«ታዲያ ማን ለወጣቸው?»

ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ። አንድ ሰው እንኳ አልጠራቸውም። እኔም ያን ለት ማታ እናቴን የተበቀልኩላት ያህል ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በሳምንቱ ሦስቱን ልሸጥ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ሽማግሌው ነበሩ። ሰባቱንም ሰጠኋቸው። ሐሰተኞቹን ገልበጥ አድርገው አይተው ሳቁ።

«እነዚህማ የእኔ ሥራ ናቸው። እናትሽ አይደለችም ያሠራችኝ?»

እናቴ አራቱን የሸጠችላቸው እኔን ወደ አረብ አገር ለሚልከው ደላላ የሚከፈል አጥታ ነበር። በዚያው ቀን በምትካቸው አራት አስመስለው እንዲሠሩላት ለመነቻቸው። «ምን ያደርግልሻል ብላት፣ ‹ሰው ጥሎሹን ሰባት ብሎ ለምዷል፣ በእኔ ልጅ ምክንያት አይጉደልበት› አለችኝ» አሉ። «ያቺ ጎረቤቷም አብራት ነበረች።»

ብሮቹን ለቅሜ ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ቀና ማለት አቅቶኝ ነበር። ወደ አረብ አገር ስሄድ እናቴን ገንዘቡን ከየት አመጣሽው ብያት «እግዜር ሰጠኝ» ብላኝ ነበር። ደግሜ አልጠየቅኳትም። የሚመቸኝ መልስ ነበራ።

ጎረቤታችንን ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ለምን ዝም አሉ፣ እትዬ?»

«አማና ነበራ! ‹ልጄ እንዳትሰማ፣ ሰው አገር ሆና ሆዷ ይባባል› ብላኝ፣ እንዴት ልበል?»

«ሰፈርተኛውን ሰብስቤ እውነቱን እናገራለሁ።»

ያን ጊዜ ተቆጡ። ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ምን ልትዪ? እናቴ የሰው ሙሽራ በቆርቆሮ ዳረች ልትዪ? እኔ አፍ አለኝ፤ ካሻኝ እናገራለሁ። እሷ አፍ የላትም። ተይ፣ በአላህ ይሁንብሽ።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለእናቴ ክብር ነው ብዬ ብዙ ዘመን ለራሴ ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው። እሺ ያልኩት እፎይ ስላልኩ ነው። ያን ሁሉ ሴት ፊት ቆሞ «በዳዩዋ እኔ ነኝ» ከማለት ተርፌያለሁ፣ ያተረፉኝም የበደልኳቸው ሴት ናቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ለማሸት እንኳ እጄን አልዘረጋሁም። ይህን ስጽፍም የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ይኸውም ያው ፍርሃቴ ነው።

ብሮቹን አልሸጥኳቸውም። የሚዋሳቸውም የለም።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰርግ ላይ፣ ለሥራ ከተጠሩት ሴቶች ጋር ጎረቤታችንም መጥተው ዕቃ የተቀመጠበት ጓዳ በር ላይ ተቀመጡ። ብርጭቆው ሁሉ የውሰት ነበር። የሰርጉ ባለቤት ጎንበስ ብላ፣ ለሁላችንም በሚሰማ ድምፅ፣ «እዚህስ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ይሻላል» አለቻቸው። ተነሡ። እኔ ከሦስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ ላይ ነበርኩ። አንገቴን ደፍቼ ወጡን ማማሰሌን ቀጠልኩ።