ከአጥር ወዲህ የታየ ፊልም

በኮሮናው ሰሞን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር «ቤት ስትቀመጡ የምታዩዋቸው ምርጥ ተከታታይ ፊልሞች» የሚል ነገር ፊቴ ላይ ይደቀን ነበር። የጻፈው ሰው ሰፈራችንን ሳቢያንን አያውቃትም። ቢያውቃት ኖሮ ከፊልሙ በፊት ኔትወርኩን፣ ከኔትወርኩ በፊት መብራቱን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ እንደ አባቴ ያለ ሰው ቤት ውስጥ የሚቀመጥበትን ዘዴ ይጽፍልን ነበር።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ ጭስና ብናኝ ሲስብ ስለኖረ አስም አለበት። ሐኪሙ «ይሄ በሽታ ከያዘው አይለቀውም፤ ከቤት እንዳይወጣ» ሲል የነገረው ለእኔ ነው። አባቴ ጣሪያውን ነበር የሚያየው። የምሠራበት ፋብሪካ «እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ» ብሎ አሰናብቶን ስለነበር ቀን ከሌት አብሬው ነኝ። ልጁ መሆኔ ቀርቶ ዘበኛው ሆንኩ።

ጭንቁ ከምሳ በኋላ ነው። አባቴ ለዓመታት ያን ሰዓት ያሳለፈው ከጎረቤታችን ከሀጂ ጋር በርጫ ተቀምጦ ነው። ሀጂ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ፣ አርጅቶ ሱቁን የዘጋ ሰው ነው። እኛ ከተማ አንቱታ ብዙም ስለማይሠራ ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ነው የምለው፤ ብቀይረው እሱ ራሱ ይቀየመኛል። ሁለቱ ሀጂ ቤት ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው፣ በአንድ ኩባያ ውሃ እየተቀባበሉ፣ ቅጠላቸውን እየቃሙ ዓለምን ያስተካክላሉ። ያ ሁሉ ባንዴ ቀረ። ቀረ የምለው እኔ ነኝ እንጂ አባቴማ ምሳውን እንደበላ ጫማውን ይፈልጋል።

«ወዴት ነው አባባ?»

«እዚሁ ነኝ። ሀጂን አይቼ መጣሁ።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«አቦ ሐኪሙ ሀጂን አያውቀውም!»

እንደዚህ ስንጨቃጨቅ ነው ፊልሙን ያመጣሁት። ስልኬን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና ወንድሙ በሐሰት መስክሮበት ስለታሰረ ሰው የሚተርክ አንድ ተከታታይ ፊልም ከፈትኩለት። የውጭ ፊልም ስለሆነ ከሥር ከሥሩ የምተረጉመው እኔ ነኝ። አባቴ መጀመሪያ ላይ ፊቱን አዞረ። ወዲያው ሰውዬው ሲታሰር ግን «ይሄንን ሌባ ወንድሙን ነበር ማሰር!» ብሎ ጫማውን አወለቀ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ መድኃኒቱን ያገኘሁ መሰለኝ።

መድኃኒቱ ግን ያበሽቃል። ሰውዬው ከእስር ቤት ሊያመልጥ አጥር ላይ እንደወጣ ያቺ ክብ ምልክት ስክሪኑ መሐል መዞር ትጀምራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ስልኩን ይዤ አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ ግቢ፣ አንዴ በርጩማ ላይ እወጣለሁ። ፓኬጄ ያልቅና ሌላ እሞላለሁ። ኔትወርኩ ሲስተካከል መብራት ይጠፋል፤ የጣሪያው ቬንትሌተር ቀጥ ይልና ሙቀቱ ይወርድብናል። አባቴም እጁን ወደ ጫማው ይልካል። ሰው እንዴት በኔትወርክ ምክንያት አባቱን ያጣል? ብቻዬን ጓሮ ገብቼ ስልኬን የሰደብኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። አባቴ ፊልሙን አይቶ ዝም ማለት አይችልም። አንዱ ክፍል ባለቀ ቁጥር ወንበሩን ይጎትትና ከሀጂ ግቢ ጋር በምንጋራው የግንብ አጥር ሥር ይቀመጣል። ሀጂ ከወዲያ፣ እሱ ከወዲህ፣ የየራሳቸውን ቅጠል እየቃሙ ያየውን ሁሉ ይተርክለታል። ይተርክለታል ስል ያልነበረ እየጨመረ ነው። እኔ የተረጎምኩትን እሱ ደግሞ በራሱ ፊልም ይሠራዋል።

«ዋሪያ፣ ታዲያ ሰውዬው ተፈታ?» ይላል ሀጂ ከወዲያ።

«ነገ ነው የሚፈታው።»

«ትናንትም ነገ ነበር ያልከኝ! ወላሂ ጠበቃዋ ካላዳነችው ይሄ ሰው አለቀለት።»

ሲጮሁ ሰፈሩ ይሰማል። እኔ ደግሞ «አባባ ራቅ በል፣ ማስክህን» እያልኩ እጮኻለሁ። የሚሰማኝ ግን የለም። ቢሆንም አጥሩ መሐላቸው ስላለ ችዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ሀጂ አጥሩ ጋ አልመጣም። ሚስቱ ስኳሩ እንደተነሳበትና ሐኪም ቤት እንደወሰዱት ነገረችን። በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ሰማን። ኮሮናው ይሁን ስኳሩ ማንም ቁርጡን አልነገረንም። ያኔ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ጥቂት ወንዶች ወስደው ቀበሩት። ድንኳን አልተጣለም። ሚስቱ በአጥሩ ላይ «አትምጡ፣ እናንተንም እንዳይዛችሁ» ብላን በሯን ዘጋች።

አባቴ አላለቀሰም። ገብቶ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀለ።

«ጎረቤት ሞቶ ቴሌቪዥን አይከፈትም» አለኝ።

ይሄ በሰፈራችን የታወቀ ነው። ለቅሶ ካለ ሙስሊም ቢሞት ክርስቲያን፣ ክርስቲያን ቢሞት ሙስሊም፣ ሬዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ያጠፋል። እኔ ግን ደነገጥኩ። አባቴን ቤት ያሰነበተልኝ ያ ፊልም ብቻ ነው። ከጠፋ ምሳውን እንደበላ ጫማውን አድርጎ ሀጂ ቤት ሊገባ ነው። በሩ ላይ ቁልፍ ጨመርኩ፤ ቁልፉንም ኪሴ ከተትኩ።

እሱ ግን አልወጣም። ምሳ በላ፣ ጫማውን አላነሳም፣ የጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። በማግስቱም እንደዚያው። እየታገልኩ ላስቀምጠው ያቃተኝ ሰው ያለ ማንም ጠባቂ ተቀምጦ ሲውል ማየት ከጭቅጭቁ የባሰ ሆነብኝ። ቅጠሉን አልነካም። ምግቡንም እየተወ መጣ። የተበሳጨሁት በእሱ ይሁን በበሽታው፣ በሚዞረው ክብ ምልክት ይሁን «አትምጡ» በተባለው ለቅሶ አላውቅም። በሁሉም ነው መሰለኝ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ አልቻልኩም። «አባባ፣ ድምፁን አጥፍቼ ልክፈትልህ። ሰውዬው ሊፈታ አንድ ክፍል ነው የቀረው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አይቼ ለማን ላወራው ነው?» አለኝ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በሩን ከፈትኩት። «ተነስ» አልኩት። «በሩ ላይ ቆመን እግዚአብሔር ያጽናሽ እንበላት።»

«አስሜስ?» አለኝ። ያን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማስክህን አድርግ።»

ሀጂ ቤት በር ላይ ደረስን። አባቴ በከዘራው ቆርቆሮውን አንኳኩቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ሚስቱ አልከፈተችም፤ በበሩ ወዲያ መጥታ ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ። አላህ ያጽናሽ» አላት።

«አንተ ነህ? ካረፈ ወዲህ ይሄን በር ያንኳኳ ሰው የለም» አለችና ከውስጥ ማልቀስ ጀመረች።

አባቴ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ማስክህን ከፍ አድርግ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት።