የግራ ጊታር

አናጺው ግራ ገብቶታል። ይህን ስል ለአባባል ያህል ብቻ አይደለም፤ የታቀፈውም ጊታር ግራ ነው። ግማሽ ዕድሜውን በቀኝ ሲጫወት የኖረ ሰው፣ አንገቱ ወደ ቀኝ የዞረ ጊታር ይዞ፣ እንደ ጀማሪ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ አምስት ድምፅ ብቻ ያላትን ቅኝት ይለማመዳል። ማይነር ፔንታቶኒክ ትባላለች። ጎረምሳ ሳለ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታት ነበር። አሁን ዓይኑን ቢያፈጥጥም አትገኝለትም።

መጋዙ የግራ እጁን መሀል ጣት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿን ጣት ወስዶበታል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተርፈዋል። ለሚጠይቀው ሁሉ፣ “ጨዋዎቹ ሄደው ሌባው ቀረ” እያለ ያስቃል። ሁለቱ የክር መምቻ መያዝ አያቅታቸውም፤ ክር መጫን ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ እጆቹ ሥራ ተቀያየሩ። ቀኙ ይጫናል፣ ግራው ይመታል።

የድሮውን ጊታር ለግራ እጅ የገለበጠለት ታናሽ ወንድሙ ነው። የክሮቹን ቅደም ተከተል አዙሮ፣ ክሮቹ የሚያርፉባትን ትንሽ አጥንት እንደገና ሞርዶ፣ አንድ ጠዋት ሳያንኳኳ በሩ ላይ አስደግፎት ሄደ። ያገኘችው የአናጺው ሚስት ናት። የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ሰጋቱራውን ሳያራግፍ ዕቃ የሚያስረክብ ሰው በዚያ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን አላንኳኳም? ነገሩ እንዲህ ነው።

ወንድማማቾቹ ወርክሾፕ ውስጥ ረጅም ጣውላ መጋዙ ላይ ያስተካክሉ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ብረት ቆራጭ ያጓራል። አናጺው እጁን መጋዙ ጥርስ ሥር ሰዶ የተሰነቀረ ስንጣሪ እያወጣ፣ “ግራ” አለ። ጣውላውን ወደ ግራ ጠጋ አድርገው ማለቱ ነበር። ማብሪያው አጠገብ የቆመው ታናሽየው የመጋዙን ማሽን አበራው።

“አብራ ብለኸኛል” አለ በኋላ፣ የሆስፒታሉ አልጋ ጫፍ ላይ ቆሞ።

አናጺው ግን ግራ ነው ያልኩት እንዳለ ቀረ። አንዱ ግራ፣ ሌላው አብራ፣ በዚህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሰፈርተኛው “ለመሆኑ ማን ነው ያጠፋው?” በተባባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ታናሽየው ነው። አናጺውም አፉን ሞልቶ አይናገር እንጂ፣ ወንድሙ ጥፋቱን ለመሸፈን ቃል እንደፈጠረ ያምን ነበር። ጣቶቹን ይቅር ብሏል፤ ውሸቱ ነው ያልተዋጠለት። ታናሽየውም ከዚያ ወዲህ ወርክሾፕ አልረገጠም። የቤቱን መብራት እንኳ ሌላ ሰው ካላበራለት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል ይባላል።

አሁን ደግሞ ሩቅ አገር፣ ማሽን የሌለበት የመጋዘን ሥራ አግኝቶ ሰኞ ሊሄድ ነው። ወሬውን ያመጣችው የአናጺው ሚስት ናት። “እንዲህ እንደሆናችሁ ከሄደ፣” አለችው፣ “የጎደለብህ ጣት ብቻ አይሆንም።”

አናጺው ሌሊቱን ተገላበጠ። ታረቀኝ ብሎ መላክ ሞት ሆነበት። በመጨረሻ፣ ቅኝቷ አልያዝልህ አለችኝ፣ መጥተህ አሳየኝ ብሎ ላከበት። ቅኝቷን መጀመሪያ ለወንድሙ ያስተማረው ራሱ ነበር።

ታናሽየው ቅዳሜ ከሰዓት አናጺው ቤት መጣ። ጊታሩ ተገልብጦ ለእሱ እጅ ስለማይሆን፣ ከጥግ አንድ ቁራጭ ጣውላ አንስቶ እንደ ጊታር ታቀፈ። ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዱ ቀኝ አንዱ ግራ ነውና አንድ ሰው መስታወት የሚያይ ይመስላሉ፤ ግን ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ ጣት ብቻ ነው የሚያዩት። ሌባ ጣት አንገቱ ላይ ከተሰለፉት የብረት መስመሮች፣ ከፍሬቶቹ፣ አምስተኛው ላይ። የመሀሎቹን ክሮች ሰባተኛው ላይ መጫን፤ ሁለተኛዋ ክር ላይ ሲደርስ ግን ትንሿ ጣት ወደ ስምንተኛው አንድ እልፍ ማለት አለባት። አናጺው እዚያች ላይ ይሰናከላል። ሰባተኛውን ይጫንና ድምፁ ይበላሻል። ይጀምራል፣ ይሰናከላል።

ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጠጠር የሚደፋ ይመስል ነበር። ክፍሉ ደነገዘ፤ በአናጺው ግራ በኩል ያለችው መስኮት ብቻ ነጣ ብላ ትታያለች። አሁንም ሰባተኛውን ተጫነ። ወንድሙ አንድ ቃል ተናገረ። አናጺው ጊታሩን አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ ግድግዳው ጋ ሄዶ መብራቱን አበራና ተመልሶ ተቀመጠ።

ታናሽየው ጣውላውን እንደታቀፈ ቆሟል። ከንፈሩ ነጥቷል።

“ምን አደረግክ ጋሼ?”

“አብራ አላልክም እንዴ?”

“ግራ ነው ያልኩት። ጣትህን ወደ ግራ።”

አናጺው ማብሪያውን አየ። ከዚያ የጎደለ እጁን አየ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እንዲህም ያደርጋል። ወንድሙን ውሸታም ሲል የከረመባት ቃል በራሱ ጆሮ ገብታ፣ በራሱ እግር አስነሥታ፣ በራሱ እጅ አበራችው።  

ያን ጊዜ መብራቱ ድርግም አለ። ዝናብ ሲበረታ እንደ ልማዱ ኃይል ጠፋ።

“ማን ነው ያጠፋው?” አለች ሚስቱ ከጓዳ።

አናጺው ወንድሙ በጨለማው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማ። ሰፈርተኛው ሁሉ ያችኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ነው የከረመው።

“ማንም አላጠፋም” አለ፣ ዝናቡን አልፎ ጓዳ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለዚያው ክፍል ብቻ፣ “ማንም አላጠፋም፣ ወንድምዬ።”

 የሰኞው ነገር አልተነሣም። የተሰማው ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ታናሽየው ተመልሶ ሲቀመጥ ነው።

“በል ድገማት” አለ። “ሁለተኛዋ ክር ላይ ስትደርስ ትንሿን ጣት ወደ...” ቃሏ አፉ ላይ ቆመች። “ወደ መስኮቱ።”

አናጺው ከታች ጀመረ። ሁለተኛዋ ክር ላይ ሲደርስ ትንሿን ጣት ወደ መስኮቱ አስጠጋ።