ተራቸውን የሚለቁት ሰው

ሀረገወይን ለምግብ ቤቷ ማድቤት ፈቃድ ልታወጣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ማዘጋጃ ቤት ተሰልፋ ሳለ ነው ሰውየውን ያየቻቸው። ኮታቸው ተተኩሷል፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ተራቸው በደረሰ ቁጥር ግን «ፕሊስ፣ ፕሊስ» እያሉ ከኋላቸው ያለውን ያሳልፋሉ። አራተኛዋ እሷ ሆነች።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል? ምነው እንዲህ ደግ ሆኑ?»

ደነገጡ። አገሯን ከአነጋገሯ ካወቁ በኋላ ነው የያዙትን ፎርም ያሳዩዋት። በስደት ከቆዩበት ከሱዳን ከመጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። የቤታቸው ቧንቧ ጋዝ ስላፈሰሰ ተዘግቶባቸዋል፤ ባለቤታቸው ሳንባቸውን ታመው ማሞቂያ በሌለው ቤት ተኝተዋል። ጋዙ የሚለቀቀው ቧንቧው ተቀይሮ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ቤታቸው ድረስ መጥቶ አይቶ ሲፈርም ነው። ፎርሙ ተሞልቶ አልቋል፤ አድራሻው ብቻ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፎ ወረቀቱ ሊበሳ ደርሷል።

«ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ኢንስፔክተሩ አንድ ሰው ነው፣ ጋሼ። ባትሪና መለኪያ ይዞ ይመጣል፣ ቧንቧውን ያያል፣ ይሄዳል።»

«መኝታ ቤትስ ይገባል?»

«ምን ሊያደርግ!» ብላ ልትስቅ ነበር፤ «አገር ቤት የፈተሹን ሰዎች ከዚያ ነው የጀመሩት» ሲሉ ሰማችና ሳቋን ዋጠችው። ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ወደ መስኮቱ ቀረበች።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ኢንስፔክተሩ በየትኛው ቀን ቢመጣ እንደሚመቻቸው ጠየቀች። ሀረገወይን ተረጎመችላቸው። ሰውየው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ማክሰኞ ይሁን በያት፣ የኔ ልጅ። የተረፈልኝ ልጅ ማክሰኞ ቤት አይውልም።»