እንግዴው ከወጣ ልጁስ?

በደርግ ዘመን ጎንደር ውስጥ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ ሴት በመሆኔ ብቻ በሽተኛው ሁሉ «ሲስተር» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ አርም ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። «ዶክተር» የሚሉኝ አስተማሪዬ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሥራ ሊጭኑብኝ ሲፈልጉ ነው።

አስተማሪዬ አንድ ጥናት ጀምረው ነበር። ፅንስ ሳይኖር የእንግዴ ልጁ ብቻውን እያበጠ፣ እንደ ወይን ዘለላ ውሃ እየቋጠረ ሆድ የሚያስገፋ በሽታ አለ። ማህፀናቸው ከተጠረገ በኋላ አብዛኞቹ ሴቶች ይድናሉ፤ የጥቂቶቹ ግን ወደ ካንሰር ይዞራል። የትኛዋ እንደምትድን፣ የትኛዋ እንደማትድን ቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሁ ነበር ጥያቄያቸው። የእኔ ድርሻ ሴቶቹን እየጠራሁ ሽንታቸውን ማስመርመር ነው። ምርመራው ያው የእርግዝና ምርመራ ነው። ከጠረጋው ወራት በኋላም «እርግዝና አለ» ካለ፣ በሽታው ዛሬም ውስጧ አለ ማለት ነው።

ከአይከል ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ልጅ አጥታ ስለት ስትሳልና ጠበል ለጠበል ስትዞር ኖራ፣ ያረገዘች የመሰላት ገና ያኔ ነው። በተጠረገች ማግስት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት።

«ልጅ አልነበረም። የታመመው የእንግዴ ልጁ ነው።»

«ወጣ እንግዴው?»

«ወጥቷል፤ ሁሉም ወጥቷል።»

«ተመስገን» አለች፤ ፊቷም ፈታ አለ። ደግ ሴት ናት፣ ቶሎ ገባት ብዬ ወደ ሌላዋ አልጋ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ባሏ ወደ አገሩ ተመለሰ። እሷ ለክትትሉ ስትል እዚያው ጎንደር፣ ቀሐ አካባቢ አክስቷ ዘንድ ተቀመጠች። ቀጠሮዋን አንድም ቀን አታጓድልም ነበር። አንድ ቀን እኔ ማዋለጃ ክፍል ተይዤ ሳለሁ የሽንቷ ውጤት ወጣ። የላቦራቶሪው ሰው ደግ ሰው ነበር፤ እርግዝና ያገኘባትን ሴት ሁሉ ሳይመርቅ አይሰድም። እሷንም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አላት። ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«ሰማሽ እቴ? ሳይወጣ ቀርቶ ኖሯል።»

«ምኑ?»

«ልጁ ነዋ። እንግዴው ወጣ ብለሽኝ የለ? ልጁ ቀርቶ ኖሯል። ሽንቱም መሰከረ።»

ለዚያ አካል «የእንግዴ ልጅ» ብሎ ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘው ኖሮ በዚያን ቀን እጣላው ነበር። አስረዳኋት፤ ወረቀት ላይ ሣልኩላት። አስተማሪዬን ጠራኋቸው። እሳቸውም ግማሹን በእንግሊዝኛ አድርገው የባሰ አጠፉት። በአክብሮት ሰማችን። «ባሌን ላማክር» አለችና በማግስቱ በእህል መኪና ወደ አገሯ ሄደች።

ልከተላት ፈለግሁ። በዚያ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአዘዞ ወዲያ መውጣት አይቻልም፤ መንገዱም ሠራዊቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚከፈት። ይለፍ ስጠይቅ የቢሮው ሰውዬ «ለአንዲት ሴት?» ብሎ ሳቀብኝ። ብናደድስ ምን አመጣለሁ? በነጋዴ መልእክት ላክሁባት። «ደህና ናት፤ ሆዷም ገፍቷል። መውለጃዋ ሲደርስ ትመጣለች» የሚል መልስ መጣልኝ። የገፋው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን እያወቁ መቀመጥን ያህል የሚያቃጥል ነገር አላየሁም።

ስትመጣ ደም ታስላለች። የራጅ ፊልሙ ላይ ሳንባዋ በክብ በክብ ጥላ ተሞልቷል። የካንሰሩ መድኃኒት ጎንደር ውስጥ የለም፤ አዲስ አበባም የሚገኘው በዕድል ነው። አስተማሪዬ ስልክ ቤት እየተመላለሱ ጮኹ፤ «ይላካል» ተባሉ። እኛ ደም እየሰጠን ጠበቅን።

እሷ ግን ስለ ሳንባዋ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። «ይላወሳል ወይ?» ነው የምትለኝ። አልለቅ ስትለኝ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። የተሰማኝ የራሷ የደም ሥር ብቻ ነው፤ ይሮጣል።

«ሰማሽው?»

«የሚመታ ነገር አለ» አልኳት።

መድኃኒቱ ሳይመጣ ሞተች።

አስተማሪዬ አስከሬኗ ቢከፈትና ከሳንባዋ ናሙና ቢወሰድ ለጥናቱ ትልቅ ነገር እንደሆነ ነግረውኝ ባሏን እንዳስፈቅድ ላኩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለሚቀጥሉት ሴቶች ይጠቅም ነበር። ባልየው ጠና ያለ ገበሬ ነው። ከሆስፒታሉ ግንብ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«አያ፣ እግዜር ያጥናዎት። ምርመራ እንድናደርግ ቢፈቅዱልን ብዬ ነው። በክብር ሰፍተን እንመልስልዎታለን።»



«ልጁን የምታሳዪኝ ከሆነ ክፈቱ» አለኝ። «እሷን ይመስል እንደሁ አንድ ጊዜ ልየው። ከዚያ እቅፏ ውስጥ አድርጌ እቀብራቸዋለሁ።»

«ልጅ የለም፣ አያ። በሽታ ነው የነበረው።»

አልተቆጣም። ቀና ብሎ አየኝ፤ እውነት መልሱን ፈልጎ ነው የሚያየኝ።

«እንግዲያ ምን ልትፈልጉ ነው የምትከፍቷት?»

ተነሥቼ ወደ አስተማሪዬ ሄድኩ። አልፈቀደም አልኳቸው።