ከዴሊ ባንኮክ ስንት ሰዓት ነው?

ባለቤቴን ከቀበርን ወዲህ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም ነበር። እህል አልቀመስኩም፤ ጨቅላ ልጄን እንኳ አላቀፍኩም። እናቴ «ይሄ ልጅ ሊከተላት ነው» እያለች ታለቅሳለች።

ቡራዩ ደጃፋችን ላይ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቻችን አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ገበሬው ኦቦ ቶሎሳና ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ። ሐጂ ድንገት «ከዴሊ ባንኮክ በአውሮፕላን አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል» አሉ።

«ምን አንድ ቀን! ሁለቱም እስያ አይደሉ? ግማሽ ሰዓት ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«ትናንት ከሱሉልታ እዚህ በታክሲ ስመጣ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። እሱስ ጎረቤት አይደለም?»

«ሰማይ ላይ ምን ገልባጭ መኪና መንገድ ይዘጋል?»

«ቢሆንም አውሮፕላኑ መሐል ላይ ያድራል።»

«የት ነው የሚያድረው? ደመና ላይ?»

«ሹፌሩ እንቅልፍ የለውም እንዴ?»

ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ጨዋታቸውን ትተው ይጮሁ ጀመር። አላስችል አለኝ። ዘግቼው የሰነበትኩትን ስልኬን ከፍቼ ፈለግሁና «አራት ሰዓት ነው! ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ!» ብዬ ጮህኩ።

ሐጂ ልጄን ከእናቴ ተቀብለው እቅፌ ውስጥ አስቀመጡልኝ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ጨርቅ ላመጣ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። አፍህን እስክትከፍት ብዬ ነው። በል፣ አሁን ደግሞ ብላበት።»

ኦቦ ቶሎሳ አፈጠጡባቸው።

«ያ ሐጂ! እያወቅክ ነው እንዴ ስታደርቀኝ የዋልከው?»