ተራ የያዘው ጀሪካን

የቦኖውን ውሃ የምትከፍተውና የምትዘጋው አክስቴ ናት። የእርዳታ ድርጅቱ በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር መካከል፣ ሁለቱ ሰፈሮች በተጋጩ ጊዜ ሰው ዝር በማይልበት ሜዳ ላይ ቧንቧውን ሲተክል ቁልፉን ለእሷ ሰጣት። "አብሮ ውሃ የሚቀዳ ሰው አይጋደልም" አሉን የድርጅቱ ሰዎች ሰብስበውን። ወዲያው ደግሞ "ቦኖው ላይ ጠብ ከተነሳ ፕሮጀክቱ ይዘጋል" አሉ። ውሃ ከሌለ ሰላም የለም፣ ሰላም ከሌለ ውሃ የለም፤ እንግዲህ የቱ ይቅደም? እኔ ሳቄ መጣ። አክስቴ አልሳቀችም። ልጇ በግጭቱ ቀን ውሃ ልቅዳ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፤ ሬሳውን እንኳ አላገኘችም።

እኛ ዘንድ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ባለቤቱ ተራ አስይዞት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንድ ጠዋት አክስቴ ሰልፉን ስታስተካክል ፊት የቆመውን ቢጫ ጀሪካን አይታ ድርቅ አለች። እጀታው ሥር በጋለ ሚስማር የተተኮሰ ምልክት አለው። ጎረቤት እንዳይለውጥባት ራሷ የተኮሰችው፣ ልጇ ይዞት የወጣው ጀሪካን ነው።

ብትጮህ የእኛ ታች ሰፈር ድንጋይ ያነሳል፣ ውሃውም ይቀራል። ዝም ብትል ልጇ የት እንደወደቀ ሳታውቅ መሞቷ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ሞላችው። የሚወስዱት የላይ ሰፈር አሮጊት ናቸው፤ በማግስቱም መጡ፣ ከዚያም በኋላ አልቀሩም። ቤት ስንገባ ግን ውሃ በሌለበት ጓዳ ጀሪካን ሲሞላ ይሰማት ጀመር። "ሰማሽ?" ትለኛለች። አልሰማሁም እላታለሁ። እሰማ ነበር፤ ያስፈራኛል።

አንድ ቀን ሰዉ ሁሉ ቀድቶ ሲሄድ አሮጊቷ ብቻቸውን ቀሩ። አክስቴ ወደ እሳቸው ስታመራ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብዬ ክንዷን ያዝኩ። መነጨቀችኝ።

"እማማ፣ ይሄ ጀሪካን የማን ነው?"

"ልጄ፣ እስክትጠይቂኝ ነው ፊት ፊት ሳስቀምጠው የከረምኩት" አሉ። "የያዘው ልጅ ቆስሎ ደጄ ወደቀ። በሩን እያንኳኳ 'እናቴ፣ ውሃ' አለኝ። ውሃ ነበረኝ። ፈርቼ አልከፈትኩለትም። ሲነጋጋ ጓሮዬ ቀበርኩት።"

አክስቴ ቧንቧውን ዘጋች። "ያሳዩኝ" አለች።

ከግጭቱ ወዲህ ላይ ሰፈርን ረግጠን አናውቅም ነበር። ሰዉ ከየበሩ ሲያየን አለፍን።

"ጓሮው በዚህ በኩል ነው" አሉ አሮጊቷ ስንደርስ።

አክስቴ ወደ ጓሮው አልዞረችም። ቤቱ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀች፣ ባለቤቲቱ አጠገቧ ቆመው እያለቀሱ፣ በሩን ታንኳኳ ጀመር።